ቀልቤሳ ነገዎ

ቀልቤሳ ነገዎ በደርግ ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረ ሰው ነው። በቀይ ሽብር ወቅት በተፈጸሙ ግድያዎችና ሌሎች ወንጀሎች እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። በዚያን ጊዜ የሚኖረው በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ ከተማ አካባቢ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በእሱ ሥር ታስረው የተሰቃዩ ሦስት ኢትዮጵያውያት አትላንታ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ከሰው አስፈርደውበታል።

የቀልቤሳ ጉዳይ በሕግ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። አንደኛ፣ አንድ የውጭ አገር ባለሥልጣን በገዛ አገሩ በፈጸመው የማሰቃየት ድርጊት አሜሪካ ውስጥ በተጎጂዎቹ ሊከሰስ እንደሚችል ያረጋገጠ ፍርድ ነው። ሁለተኛ፣ የሕጉንም ድክመት ያሳያል። ጥፋቱ በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ በኋላ ሰውየው አልታሰረም፤ እንዲያውም የአሜሪካ ዜግነት አግኝቷል። ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ እስኪታሰር ድረስ ከመጀመሪያው ክስ 16 ዓመታት አልፈዋል።

ታሪካዊ መነሻ

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን አውርዶ መንግሥት ያዘ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ወይም ቀበሌዎች ተቋቋሙ። የቀበሌዎች ሥራ በመጀመሪያ የቤት ኪራይ መሰብሰብ፣ ጥቃቅን ክርክሮችን መዳኘትና የመሳሰለው ነበር። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ግን ሥልጣናቸውን አሰፋው። ቀበሌዎች የራሳቸው የታጠቁ አብዮት ጥበቃዎች፣ የፍርድ ሸንጎና እስር ቤት ያላቸው የአስተዳደርና የጸጥታ አካላት ሆኑ።

ከቀበሌ በላይ ያለው እርከን «ከፍተኛ» ይባል ነበር። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎች ተከፍላ ነበር። የአንድ ከፍተኛ ሊቀመንበር በሥሩ ባሉት ቀበሌዎች ሁሉ ላይ ያዝዛል፤ ሰው እንዲያዝ፣ እንዲመረመር ወይም እንዲለቀቅ ለመወሰን የሚያስችል አቅም ነበረው።

በዚሁ ጊዜ በአብዮቱ አቅጣጫ ላይ የተፈጠረው የፖለቲካ ፓርቲዎች ልዩነት ወደ ደም መፋሰስ አመራ። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ሥልጣን ወዲያውኑ ለሕዝብ መንግሥት እንዲተላለፍ ሲጠይቅ፣ የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) ደርግን «በሂስ እየደገፍኩ» እሠራለሁ አለ። የመኢሶን መሪ በወለጋ አርጆ የተወለደው ኃይሌ ፊዳ ነበር። በመስከረም 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ በዚያው ወር ከመኢሶን መሪዎች አንዱ የሆነው ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። የኢሕአፓ የከተማ ታጣቂ ቡድኖች «ስኳድ» ይባሉ ነበር፤ የቀበሌ መሪዎችንና የመኢሶን ሰዎችን ይገድሉ ነበር። ደርግ ይህን «ነጭ ሽብር» ብሎ ጠራው።

ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ተቀናቃኞቹን አስገድሎ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ደም የሚመስል ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ሰብሮ በጠላቶቹ ላይ ዛተ። አብዮት ጥበቃዎች «ነፃ እርምጃ» የመውሰድ ፈቃድ ተሰጣቸው። ይህም ማለት የተጠረጠረን ሰው ያለ ክስና ያለ ፍርድ መግደል ማለት ነው። አስከሬኖች በየመንገዱ ይጣሉ፣ ልብሳቸው ላይም መፈክር ይለጠፍባቸው ነበር። ለቅሶ መቀመጥ ያስጠረጥር ነበር፤ ቤተሰብ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈል የተባለበትም ጊዜ ነበር። መኢሶን ራሱ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ተለይቶ ሕቡዕ ሲገባ አባላቱ በተራቸው ታደኑ፤ ኃይሌ ፊዳም ተይዞ በ1971 ዓ.ም. በእስር ላይ እያለ ተገደለ።

የከፍተኛ 9 ሊቀመንበርነት

ቀልቤሳ ነገዎ ቀይ ሽብር በተፋፋመበት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ነበር። በከፍተኛው ውስጥ የነበሩት እስረኞች አብዛኞቹ ወጣቶችና ተማሪዎች ናቸው። ብዙዎች የተያዙት የኢሕአፓ አባል ናችሁ፣ መሣሪያ ደብቃችኋል ወይም ለፓርቲው ሰዎች እርዳታ ሰጥታችኋል በሚል ጥርጣሬ ነበር።

በአትላንታው ክርክር ላይ ሦስቱ ከሳሾች በቃለ መሐላ የሰጡት ምስክርነት በፍርድ ቤቱ ታምኖ በውሳኔው ውስጥ ሰፍሯል። ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

ሂሩት አበበ በጥር 1978 እ.ኤ.አ. (1970 ዓ.ም.) ስትያዝ ገና ወጣት ነበረች። ልብሷን እንድታወልቅ ተደርጋ፣ እጅና እግሯ ታስሮ በሽቦ ተገርፋለች፤ የተደበቀ መሣሪያ አለ ተብላ ተጠይቃለች፣ እገድልሻለሁም ተብላለች።

እጅጋየሁ ታዬ በየካቲት 1978 እ.ኤ.አ. ከምትሠራበት የግብርና ሚኒስቴር ተወስዳ ታሰረች። ለኢሕአፓ ሰዎች ሕክምና ሰጥተሻል ተብላ ነበር። በእንጨት ላይ ተንጠልጥላ ለሰዓታት ተገርፋለች፣ በቁስሏም ላይ ውኃ ተደፍቶባታል። እጅና እግርን አስሮ በእንጨት ላይ አንጠልጥሎ መግረፍ በዚያ ዘመን በነበሩ እስረኞች ዘንድ «ወፌ ላላ» ተብሎ ይታወቃል። እጅጋየሁ ምንም ክስ ሳይቀርብባት እስከ ታኅሣሥ 1978 ድረስ ከብዙ ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ታስራ ቆይታለች።

ኤልሳቤጥ ደምሴ በ1977 እ.ኤ.አ. ከእህቷ ጋር ተይዛ ተሰቃይታለች። እሷ ተርፋ ስትወጣ እህቷ ግን አልተመለሰችም።

ፍርድ ቤቱ ቀልቤሳ ከምርመራውና ከስቃዩ ቢያንስ በከፊሉ ላይ በአካል ተገኝቶ ይመራ እንደነበር አረጋግጧል። ይህ ነጥብ ለክሱ ወሳኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ትእዛዝ ከላይ የሚቀበል ቢሆንም፣ ኃላፊነቱ የመጣው ከማዕረጉ ብቻ ሳይሆን ራሱ ከሠራው ነገር ጭምር ነው።

ወደ አሜሪካ መሄድና መታወቅ

ቀልቤሳ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ አሜሪካ ሄዶ ጥገኝነት ጠየቀ። ኑሮውን በአትላንታ አደረገ፤ ኮሎኒ ስኩዌር በተባለ ሆቴልም የእንግዶችን ሻንጣ የሚያደርስ ሠራተኛ ሆነ።

እጅጋየሁ ታዬም በስደት አትላንታ ደርሳ በዚሁ ሆቴል በአስተናጋጅነት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ቀልቤሳን ከሆቴሉ አሳንሰር ሲወጣ አየችው። ከታሰረች አሥር ዓመት ያህል አልፎ ነበር፤ ቢሆንም አልተሳሳተችም። በሎስ አንጀለስ ትኖር ከነበረችው ከኤልሳቤጥና በካናዳ ከነበረችው ከሂሩት ጋር ተገናኝታ፣ ሦስቱም ሰውየው ያው የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር መሆኑን አረጋገጡ።

በዚህ ጊዜ ደርግ ገና ሥልጣን ላይ ነበር። ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ መክሰስ የማይታሰብ ነበር። በአሜሪካም የወንጀል ክስ የሚያስመሠርት ሕግ አልነበረም። በውጭ አገር የተፈጸመ ስቃይን በወንጀል የሚያስቀጣው የአሜሪካ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ በ1978 ለተፈጸመ ድርጊት አያገለግልም። የቀረው መንገድ ፍትሐ ብሔር ብቻ ነበር።

የፍትሐ ብሔር ክስ

ሦስቱ ሴቶች መስከረም 1990 እ.ኤ.አ. በአትላንታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። የሲቪል መብት ጠበቆችና አንድ የአትላንታ የሕግ ቢሮ ያለ ክፍያ ቆሙላቸው። ክሱ የተመሠረተው የአሜሪካ ኮንግረስ በ1789 እ.ኤ.አ. ባወጣው አንድ አጭር ድንጋጌ ላይ ነበር። ድንጋጌው የውጭ አገር ዜጋ ዓለም አቀፍ ሕግ በመጣሱ ጉዳት ከደረሰበት በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል።

ይህ ሕግ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል እምብዛም ሳይነካ ኖሮ ነበር። የነቃው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በዚያ ዓመት ልጃቸው በፓራጓይ ፖሊስ ተሰቃይቶ የተገደለባቸው የፊላርቲጋ ቤተሰብ አባላት አድራጊውን ኒው ዮርክ ውስጥ አግኝተው ሲከሱት፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ማሰቃየት በማንኛውም አገር የተከለከለ ስለሆነ ክሱ ይታያል ብሎ ወሰነ። የኢትዮጵያውያቱ ክስ ይህን ፈለግ የተከተለ ነው።

ጉዳዩ በግንቦት 1993 እ.ኤ.አ. ያለ ዳኞች ጉባኤ በአንድ ዳኛ ፊት ተሰማ። ቀልቤሳ ያለ ጠበቃ ራሱን ተከላከለ፤ የቀረበበትንም ክስ ካደ። ዳኛው በነሐሴ 1993 እ.ኤ.አ. በሰጡት ፍርድ ለእያንዳንዷ ከሳሽ 200,000 ዶላር ካሳና 300,000 ዶላር የቅጣት ካሳ፣ በድምሩ ለሦስቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑ።

ቀልቤሳ ይግባኝ አለ። አንዱ መከራከሪያው ጉዳዩ የሌላ አገር ፖለቲካ ስለሆነ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሊያየው አይገባም የሚል ነበር። የ11ኛው ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት ጥር 10 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ይህን ውድቅ አድርጎ ፍርዱን አጸና። ማሰቃየትን መዳኘት የመንግሥትን ፖሊሲ መዳኘት አይደለም፤ የ1789ኙ ሕግም ለተጎጂው የክስ መብት ይሰጣል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ጉዳዩን እንደገና ለማየት ሳይቀበል ቀረ።

ፍርዱ ያልፈታው ችግር

ከሳሾቹ አሸንፈዋል፤ ሆኖም የፍትሐ ብሔር ፍርድ ማንንም አያስርም። በሆቴል ሻንጣ የሚያደርስ ሰው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል አይችልም። ሴቶቹ ራሳቸው ያቀረቡት ክስ ዋና ዓላማ ገንዘብ ሳይሆን የተፈጸመው ነገር በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ነበር።

ከዚህ የባሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የሆነው ነው። የካሳ ፍርዱ ከተሰጠ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ይግባኙም ገና ሳይወሰን፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለቀልቤሳ የአሜሪካ ዜግነት ሰጠው። አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት አሰቃይ መሆኑን ያረጋገጠበትን ሰው ሌላው የዚያው መንግሥት መሥሪያ ቤት ዜጋ አደረገው ማለት ነው። ዜግነት ከተገኘ በኋላ ሰውን ከአገር ለማስወጣት በመጀመሪያ ዜግነቱን በክስ መንጠቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ተጨማሪ ዓመታት ይወስዳል።

የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2001 እ.ኤ.አ. ዜግነቱን ለመሰረዝ ክስ መሠረተ። ምክንያቱ በማመልከቻው ላይ ያለፈ ታሪኩን ደብቋል የሚል ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ቀልቤሳ ዜግነቱን ለመተው ተስማማ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኮንግረሱ ያወጣው የስለላ አሠራር ማሻሻያና የሽብርተኝነት መከላከያ ሕግ፣ በውጭ አገር ሰው ያሰቃዩ ወይም ያለ ፍርድ የገደሉ ሰዎች ከአሜሪካ እንዲባረሩ የሚያስችል አንቀጽ ይዞ ነበር። ቀልቤሳ በጥር 2005 እ.ኤ.አ. ተይዞ በዚህ አንቀጽ የተከሰሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በኢትዮጵያ የተሰጠው ፍርድ

ደርግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፣ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ጽሕፈት ቤቱ ከደርግ አባላት እስከ ቀበሌ ሊቀመናብርት ከ5,000 በላይ ሰዎችን ከሷል። ብዙዎቹ ከአገር ስለወጡ የተከሰሱት በሌሉበት ነበር። ደርግ ሰው ከገደለ በኋላ አስከሬን ይደብቅ ስለነበር ሥራው ከባድ ነበር፤ ለምሳሌ ከወለጋ ቦጂ የተወለዱት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ሲገደሉ፣ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 እ.ኤ.አ. ነው።

ክሶቹ የቀረቡት በዋናነት በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ነው። ይህ አንቀጽ የዘር ማጥፋትን ወንጀል ሲተረጉም በፖለቲካ አቋማቸው የተለዩ ቡድኖችንም ይጨምራል፤ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን የፖለቲካ ቡድኖችን አይጠቅስም። ሕጉ ቀይ ሽብር ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት የወጣ ስለሆነ፣ «ሕግ ወደ ኋላ ተሠራብን» የሚለውን መከራከሪያ ለማንሣት አይመችም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 ደግሞ የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ በአስገዳጅ ሰውን መሰወርና ኢሰብዓዊ የስቃይ ድርጊት በይርጋ እንደማይታገዱና በምሕረት እንደማይታለፉ ደንግጓል።

ቀልቤሳ እ.ኤ.አ. በ2002 በሌለበት ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት በዚህ ሂደት ነው። በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. (1999 ዓ.ም.) ከአሜሪካ ተባርሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ለኢትዮጵያ ባለሥልጣናት ተላልፎ ተሰጠ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በዚሁ የዘር ማጥፋት ወንጀል በሌለበት ጥፋተኛ አለው። መንግሥቱ ግን በዚምባብዌ በጥገኝነት ይኖር ስለነበር ፍርዱ ሳይፈጸም ቀርቷል። የበላዩ ሳይያዝ የበታቹ መያዙ የቀይ ሽብር ፍርዶችን በተመለከተ ከሚነሡ ቅሬታዎች አንዱ ነው።

ተመሳሳይ ጉዳዮች

ከቀልቤሳ በኋላ በውጭ አገር የታወቁ ሌሎች የቀይ ሽብር ተፈራጆችም አሉ፤ የየአገሩ ሕግ የተጠቀመበት መንገድ ግን ይለያያል።

ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ነበር። ሀብተአብ በርሄ ተማኑ በሚል በሌላ ሰው ስም ወደ አሜሪካ ገብቶ ዜጋ ሆነ። በ2011 እ.ኤ.አ. በዴንቨር ከተማ አንድ የቀድሞ እስረኛ አወቀው። እሱም ቢሆን በግድያና በስቃይ አልተከሰሰም፤ የተከሰሰው ዜግነትን በሐሰት በማግኘትና በሌላ ሰው ስም በመጠቀም ነው። በ2013 ጥፋተኛ ተብሎ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ለሰነድ ማጭበርበር ይህ በጣም ከባድ ቅጣት ነው፤ ዳኛው ሕጉ የሚፈቅደውን ከፍተኛ ቅጣት የወሰኑት ሰውየው የደበቀውን ታሪክ ከግምት አስገብተው ነው።

እሸቱ ዓለሙ ደግሞ በጎጃም የደርግ ተወካይ ነበር። በኔዘርላንድስ ኖሮ የዚያ አገር ዜጋ ሆኗል። የኔዘርላንድስ ሕግ በውጭ አገር የተፈጸመ የጦር ወንጀልን ለመዳኘት ስለሚፈቅድ፣ የሄግ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. በቀጥታ በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ብሎት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ከተረጋገጡበት ወንጀሎች አንዱ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በደብረ ማርቆስ 75 እስረኞች የተገደሉበት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን አጽንቶታል።

ሦስቱን ጉዳዮች ብናነጻጽር፣ በመጀመሪያው ሰውየው ለፈረደበት አገር ተመለሰ፤ በሁለተኛው በሰነድ ማጭበርበር ታሰረ፤ በሦስተኛው ብቻ የሚኖርበት አገር ለራሱ ለወንጀሉ ቀጣው። የቀልቤሳ ጉዳይ እንዲያልቅ 16 ዓመታት የወሰደው ሦስተኛው መንገድ በአሜሪካ ለእሱ ክፍት ስላልነበረ ነው።

ከጉዳዩ በኋላ

ሂሩት አበበ ከክሱ በኋላ የቀይ ሽብርን ሰነዶች በመሰብሰብ ሥራ ቀጥላለች፤ የኢትዮጵያ ቀይ ሽብር የሰነድና የምርምር ማዕከል የተባለ ድርጅትም መሥርታለች። ሥራው ያስፈለገበት ምክንያት ደርግ ብዙ ነገሮችን በጽሑፍ ያስቀምጥ ስለነበር ነው። የእስር ትእዛዞች፣ የምርመራ ቃሎችና «እርምጃ የተወሰደባቸው» ሰዎች ዝርዝሮች በልዩ ዐቃቤ ሕጉ እጅ ገብተው ለክሶቹ ዋና ማስረጃ ሆነዋል። ወረቀቶቹ ካልተጠበቁ ግን በጊዜ ብዛት ይጠፋሉ።

በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተገደሉትን ሰዎች ፎቶግራፎች፣ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችንና የወቅቱን ሰነዶች ይዟል። በፎቶግራፍ ከሚታዩት ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በከፍተኛ 9 ታስረው የነበሩት ሦስቱ ሴቶችም ያኔ በዚሁ የዕድሜ ክልል የነበሩ ሲሆን፣ ከእነሱ ጋር ታስረው ያልወጡት ሰዎች ጉዳይ የሚታወቀው በዋናነት በሕይወት የቀሩት በሰጡት ምስክርነት ነው።